እጅ ወደ ላይ አልነሳ ሲል፦ የትከሻ ጅማት ጉዳትን ደረጃ በደረጃ ማከም

ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ትከሻውን ሲያመው ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አክንባሎውን ከምጣዱ ላይ ሲያነሳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ሲያወርድ፣ ኮት ለመልበስ እጁን ወደ ኋላ ሲሰድ፣ የላይኛው ክንዱ ውጭ በኩል ይወጋዋል። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አይችልም። «ብርድ ነው» ይባልና ይታሻል፣ ቅባት ይቀባል፣ በጋቢ ይጠቀለላል። ከዚያም «አትነካካው» ተብሎ እጁ ከሥራ ይገለላል። ሦስት አራት ወር ሲያልፍ ሕመሙ ሳይለቅ ትከሻው ደክሞና ደርቆ ይገኛል።

ከእነዚህ ትከሻዎች አብዛኞቹን የሚያሳምማቸው ሮቴተር ከፍ በሚባሉት አራት ጡንቻዎች ጅማት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ለዚህ ጅማት ዋናው መድኃኒት ተመጥኖ የሚሰጥ ሥራ ነው። ክኒን፣ መርፌና ቀዶ ሕክምና የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ነገር ግን ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው በቤቱ፣ በፎጣ፣ በላስቲክና በውሃ ጠርሙስ፣ ሦስት ወር ያህል በትዕግሥት የሚሠራው ልምምድ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደተጎዳ ይወቁ

የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ድቡልቡል ነው። የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ አቀማመጡ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳለ ብርቱካን ነው። እጃችን ወደፈለግነው አቅጣጫ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ትከሻ ከሌሎች መጋጠሚያዎች ይልቅ በቀላሉ የሚወልቀውም ለዚሁ ነው። ድቡልቡሉን ጫፍ ቦታው ላይ የሚያቆዩት ከጀርባ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት የሚነሱት አራት ጡንቻዎች ናቸው። ሱፕራስፓይናተስ ከላይ፣ ኢንፍራስፓይናተስና ቴረስ ማይነር ከኋላ፣ ሰብስካፑላሪስ ደግሞ ከፊት ሆነው በጅማታቸው ይከቡታል። ትልቁ የትከሻ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ፣ ክንዱን ወደ ላይ ሲስብ እነዚህ አራቱ ድቡልቡሉ ከመሐል እንዳይሸሽ ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። እነሱ ሲደክሙ ዴልቶይድ ብቻውን ይጎትታል፤ አጥንቱም ወደ ላይ ይንሸራተትና ከላዩ ያለውን ሁሉ ያስጨንቃል።

ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የሱፕራስፓይናተስ ጅማት ነው። ከላይ በተደፋው አጥንት ሥር ባለ ጠባብ ቦታ ያልፋል፤ በዕድሜ ምክንያትም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ጉዳቱ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ጅማቱ ሳይቀደድ ከአቅሙ በላይ ተሠርቶበት መታመሙ ነው፤ ሁለተኛው በከፊል መቀደዱ፣ ሦስተኛው ከአጥንቱ ሙሉ በሙሉ መላቀቁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲታመሙ ከውጭ እምብዛም አይለያዩም፤ የቤት ሕክምናቸውም አንድ ነው።

ከዓይነቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው አመጣጡን መለየት ነው። ቀስ ብሎ በሳምንታትና በወራት የመጣ ሕመም አንድ ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበረ ትከሻ ከደረጃ ሲወድቁ፣ ከባድ ዕቃ ሲመዥርጡ ወይም በመኪና አደጋ በአንድ ጊዜ ከተጎዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ በአመዛኙ ስለ መጀመሪያው ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጠሮ የማይሰጣቸውን ይለዩ

ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት የትከሻ ሕመም ሁሉ ከትከሻ እንደማይመጣ ያስቡ። የግራ ትከሻና ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር በአንድነት ከመጣ የልብ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከቅባት ምግብ በኋላ ከቀኝ ጎድን ሥር ተነሥቶ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ከሐሞት ከረጢት ሊሆን ይችላል። ከክርን በታች እስከ ጣት የሚወርድ፣ መደንዘዝና መውረር ያለበት፣ አንገት ሲዞር የሚብስ ሕመም ደግሞ መነሻው ብዙ ጊዜ አንገት ነው።

ትከሻው ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ መጋጠሚያው አመርቅዞ ሊሆን ይችላልና አያሳድሩት። ያለ ምክንያት መክሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የሚያድግ እብጠት ካለ ደግሞ ከማናቸውም ልምምድ በፊት ሐኪም ይይዎት፤ ሳንባ ነቀርሳ መጋጠሚያንም ይይዛል፣ ዕጢም በአጥንት ሊወጣ ይችላል።

በአደጋ ለተጎዳ ትከሻ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ኤክስሬይ ሳይነሣ ማንም አይሳበው፣ አይጎትተው፣ «ላግባው» አይበል። ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ሙያ ነው፤ ወለምታ የሚያሻሽሉ እጀ ብልኆችም አሉ። ነገር ግን የወለቀ ትከሻና የተሰበረ አጥንት በእጅ ዳሰሳ ብቻ ሁልጊዜ አይለዩም፤ የተሰበረውን መሳብ ነርቭና የደም ሥር ይጎዳል። አጥብቆ የታሰረ ክንድም ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ኤክስሬዩ «ስብራት የለም» ካለና እጅዎ ግን ከአደጋው ወዲህ አልነሳ ካለ፣ ነገሩ አላለቀም፤ ኤክስሬይ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። በድንገት ሙሉ በሙሉ የተቀደደ ጅማት በሳምንታት ውስጥ በአጥንት ሐኪም መታየት አለበት። ሲቆይ ጡንቻው ይሸሻል፣ ይመነምናል፣ በስብም ይተካል፤ ከዚያ በኋላ መስፋቱ ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ በመስታወት ፊት ራስዎን ይመርምሩ

ከወገብ በላይ ልብስዎን አውልቀው መስታወት ፊት ይቁሙና አምስት ነገሮችን ይሞክሩ። ሁልጊዜ በደህናው እጅ ይጀምሩ፤ የታመመው የሚለካው በእሱ ነው።

አውራ ጣትዎን ወደ ላይ አድርገው እጅዎን በጎን በኩል ቀስ ብለው ያንሱ። ሕመሙ ከ60 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከትከሻ ቁመት ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ፣ ጀምሮ እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ቆይቶ ከዚያ በላይ ከቀለለ የሮቴተር ከፍ ጠባይ ነው። ሲያወርዱት እጁ በራሱ ዱብ ካለ፣ ቀስ አድርገው ሊያወርዱት ካልቻሉ፣ ትልቅ መቀደድ ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ ሁለቱንም ክርኖች ከጎንዎ አጣብቀው በ90 ዲግሪ ያጥፉና መዳፎችዎን ወደ ውጭ ይክፈቱ። የታመመው ከደህናው እኩል ካልተከፈተ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ይክፈትልዎት። በሰው እጅም አልከፈት ካለ፣ ግትር ካለ፣ ችግሩ ሮቴተር ከፍ ሳይሆን ሐኪሞች ፍሮዝን ሾልደር የሚሉት የደረቀ ትከሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ከአርባ እስከ ስልሳ ዓመት ባሉ ሰዎች፣ ይልቁንም የስኳር ሕመም ባለባቸው ላይ ይበዛል፤ ስኳርዎን ተለክተው የማያውቁ ከሆነ ይህን አጋጣሚ ይጠቀሙበት። በሰው እጅ ከተከፈተ በኋላ ለብቻው መቆም አቅቶት ተመልሶ ከገባ ግን ከኋላ ያለው ጅማት ሳይቀደድ አይቀርም።

ከዚያ መዳፍዎን ሆድዎ ላይ አድርገው ክርንዎን ወደ ፊት እያወጡ ሆድዎን ይጫኑ። ክርኑ ወደ ኋላ ከሸሸ ወይም አቅም ካጣ የፊተኛው፣ የሰብስካፑላሪስ፣ ጅማት ነው። ቀጥለው እጅዎን ወደ ጀርባዎ ልከው አውራ ጣትዎ የትኛው የጀርባ አጥንት ላይ እንደሚደርስ ይመልከቱ። በመጨረሻም ጀርባዎን ለመስታወቱ ሰጥተው ሰው ያይልዎት፤ በትከሻው አጥንት ላይና ሥር ሥጋው ጎድጎድ ብሎ ከከሳ ጉዳቱ የቆየ ነው።

ያገኙትን በወረቀት ይጻፉ፤ እስከ የት እንደተነሳ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚያወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 4፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመሙን ያብርዱ

ማብረድ ማለት እጅን አንጠልጥሎ ማስቀመጥ አይደለም። ከትከሻ በላይ የሚሠራ ሥራን፣ በተዘረጋ እጅ ማንሳትን፣ መወርወርንና ድንገተኛ መመዥረጥን ለጊዜው ያቁሙ፤ መብላት፣ መጻፍ፣ መታጠብ፣ ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ መሥራት ይቀጥሉ። በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ለቀናት ካልሆነ በቀር ትከሻውን ያደርቀዋል።

ሰውን የሚያንገላታው ሌሊቱ ስለሆነ ከእንቅልፉ ይጀምሩ። በደህናው ጎን ከተኙ ትራስ አቅፈው የታመመውን ክንድ በሙሉ በላዩ ያሳርፉ፤ ክንዱ ወደ ፍራሹ መውደቅ የለበትም። በጀርባዎ ከተኙ ደግሞ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከክርኑ ሥር ያድርጉ፤ ክርኑ ከደረት ኋላ ሲወድቅ ነው ጅማቱ ተወጥሮ የሚቀሰቅስዎት። እጅን ከራስ በላይ አድርጎ መተኛት ይቅር። ልብስ ሲለብሱ የታመመውን እጅ ያስቀድሙ፣ ሲያወልቁ ያስከትሉ።

በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል። በረዶ «ብርድ ያስገባል» ብለው የሚፈሩ ካሉ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ሕመም ያስታግሳሉ እንጂ ጅማት አይጠግኑም፣ ስለዚህ የተመቸዎትን ይምረጡ። መታሸትም እንዲሁ ነው። የአንገትና የጀርባ ጡንቻን ቀስ አድርጎ ማሸት ያሳርፋል፤ የሚያመውን ነጥብ በክርንና በአውራ ጣት መደቆስ ግን የታመመን ጅማት ያስቆጣል።

ፓራሲታሞል ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 1 ግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 500፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል፤ የጉበት ሕመም ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሐኪሙን ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ይረዳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር ግን አይውሰዱት። ዲክሎፌናክ የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን መጉዳት ነው። ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ክሊኒክ ሄዶ ዲክሎፌናክ መወጋት ለትከሻው ከክኒኑ የተለየ ነገር አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ማንቀሳቀስ ይጀምሩ

ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ ከማብረዱ ጎን ለጎን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ያድርጉት።

በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፈው ጎንበስ ይበሉና የታመመውን ክንድ ዝም ብለው ያንጠልጥሉት። ሰውነትዎን ወዲያ ወዲህ ሲያንቀሳቅሱ ክንዱ ተከትሎ ይወዛወዝ፤ ትከሻው ራሱ አይሥራ። አንድ ደቂቃ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ አንድ ደቂቃ ክብ እየሠራ። ይህ ልምምድ እስከ ዛሬ የሚጠራው በቦስተኑ ቀዶ ሐኪም በኧርነስት ኮድማን ስም ነው። ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ትከሻ ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ጅማቶች መቀደድ ጉዳይ ለሐኪሞች አጉልቶ ያሳየ ሰው ነው።

ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው እጅዎን ፎጣ ላይ ያድርጉና ደረትዎን ወደ ፊት እያዘነበሉ ፎጣውን ያንሸራቱ፤ ሕመሙ እስከሚፈቅደው ሄደው አምስት ሰከንድ ቆይተው ይመለሱ፣ አሥር ጊዜ። በጀርባዎ ተኝተውም የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዘው ደህናው የታመመውን እያገዘ ወደ ራስዎ አቅጣጫ ያንሱ፣ አሥር ጊዜ።

አራተኛው የማይንቀሳቀስ ልምምድ ነው፤ ለሚያመው ጅማት የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነው። የታመመውን ጎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቁሙ፣ ክርኑን በ90 ዲግሪ አጥፈው ከጎንዎ ያጣብቁ፣ የእጅዎን ጀርባ ግድግዳው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ይግፉ። በግማሽ ኃይልዎ አሥር ሰከንድ ገፍተው ይልቀቁ፤ አምስት ጊዜ። ግድግዳው ስለማይሄድ ክንዱም አይሄድም፤ ጅማቱ ግን ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ጅማቱን ያጠንክሩ

ልቡ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሕመሙ ሲቀልለት ልምምዱን የሚያቆመውም እዚሁ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ከስፖርት ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የልምምድ ላስቲክ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ በቁመቱ ቀድደው ይጠቀሙ። ላስቲኩን በክርንዎ ቁመት በበር እጀታ ላይ ይሰሩ፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ተቆልፎ ይሁን።

ዋናው ልምምድ ወደ ውጭ ማዞር ነው። ደህናውን ጎን ለበሩ ሰጥተው ይቁሙ። ትንሽ ፎጣ ጠቅልለው በታመመው ክርንና በጎድንዎ መካከል ያድርጉ። ክርኑ በ90 ዲግሪ እንደታጠፈ፣ እጅዎ ሆድዎ ፊት ላስቲኩን ይይዛል። አሁን ክርኑ ከፎጣው ሳይነቃነቅ፣ ክንድዎ እንደ በር ተከፍቶ ጣቶችዎ ፊት ለፊትዎን እስኪያመለክቱ፣ ከቻሉም ትንሽ እስኪያልፉ ያዙሩ። ሲወጣ ሁለት ሰከንድ፣ ሲመለስ አራት ሰከንድ። ላስቲኩ በራሱ እንዲስብዎ አይፍቀዱ፤ መመለሱ ከመውጣቱ እኩል ይሠራል።

ሰው ሲደክም ሳያውቀው ያጭበረብራል። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል። ትከሻው ወደ ጆሮ ከወጣ የአንገት ጡንቻ ሥራውን ወስዶታል። ደረቱ አብሮ ከዞረ ወገቡ እየሠራ ነው። አንጓው ወደ ኋላ ከታጠፈ ክንዱ ሳይዞር እጁ ብቻ ሄዷል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ድግግሞሹ ባይቆጠር ይሻላል፤ ላስቲኩን ያላሉና እንደገና ይጀምሩ። አሥር ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ እንደገና አሥር፣ እንደገና አሥር። ትክክለኛው ጥንካሬ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ድግግሞሾች የሚከብዱበት፣ ግን ሳይበላሹ የሚያልቁበት ነው።

ቀጥሎ ዞረው የታመመውን ጎን ለበሩ ይስጡና ላስቲኩን ከውጭ ወደ ሆድዎ ይሳቡ፤ ይህ የፊተኛውን ጅማት ያሠራል። ከዚያ ፊትዎን ወደ በሩ አድርገው ሁለቱን የላስቲክ ጫፎች ወደ ጎድንዎ ይሳቡ፤ ከጀርባ የትከሻ አጥንቶችዎ ሊነካኩ ይቀራረቡ። በመጨረሻ ከግድግዳ አንድ ክንድ ርቀው መዳፍዎን በደረት ቁመት አስደግፈው ግድግዳውን እየገፉ ይመለሱ። ሁሉም ሦስት ዙር አሥር አሥር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ።

ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ማንሳት ይመጣል። ለዚህ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። መጀመሪያ ባዶ እጅዎን፣ ከዚያ ሩብ ሊትር ውሃ ያለበት ጠርሙስ ያንሱ፤ ሩብ ሊትር ውሃ ሩብ ኪሎ ነው። እጅዎን ቀጥታ ወደ ጎን ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ሰብረው፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ፣ እስከ ትከሻ ቁመት ብቻ ያንሱ። ትከሻው ወደ ጆሮ ሳይወጣ ሦስት ዙር አሥር አሥር ሲሠሩ በሳምንቱ ሩብ ሊትር ይጨምሩ። አንድ ኪሎ በንጽሕና ሲያነሱ ወደ ግማሽ ኪሎ ተመልሰው ከትከሻ በላይ ይሞክሩ።

ያምመኛል፣ ልቀጥል ወይስ ልተው? ልምምድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ይለኩት። እስከ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ድረስ ያለ ሕመም ጉዳት አይደለም፤ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው። ከአራት ካለፈ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰዎት ወይም በማግስቱ ከባሰ በሚቀጥለው ጊዜ ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ በዝግታ ስለሚለወጥ ስድስት ሳምንት ላይ ለውጥ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ላይ አጥጋቢ መሻሻል ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ ያለ ባለሙያ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚሉ፣ በብሪታንያ 708 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት መልስ አለው። ከፊዚዮቴራፒስት ጋር አንድ ጊዜ ተገናኝተው በደንብ ተመክረው በቤታቸው የሠሩት ሰዎች፣ እስከ ስድስት ጊዜ ተመላልሰው ከታከሙት በዓመቱ መጨረሻ አላነሱም። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከቻሉ አንድ ጊዜ እንኳ አካሄድዎን ያሳዩት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሙያው ያሠለጥናል፣ በትልልቅ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ። ተመላልሰው ለመክፈል አቅም ስለሌለዎት ብቻ ግን ተስፋ አይቁረጡ።

ደረጃ 7፦ ቤቱንና ሥራውን ያስተካክሉ

በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሠራ ልምምድ በየቀኑ ትከሻን ከሚያስቆጣ ሥራ ጋር አይወዳደርም። አክንባሎውን ክርንዎን ወደ ጎን ከፍተው በአንድ እጅ አያንሱት፤ ወደ ምጣዱ ተጠግተው፣ ክርኖችዎን ወደ ጎንዎ ሰብስበው በሁለት እጅ ያንሱት። ምጣዱ ከእምብርትዎ በላይ ከተቀመጠ ጠንካራ መቆሚያ ከእግርዎ ሥር ያድርጉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነውና በትንንሽ ጀሪካን ከፋፍለው፣ በሁለቱ እጅ አመጣጥነው ይያዙ። በየቀኑ የሚያነሱትን ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ መሐሉ ያውርዱ፤ የልብስ ማስጫውን ገመድ ዝቅ ያድርጉ። ቀለም ቀቢና ለሳኝ መሰላሉን አንድ እርከን ሲጨምር ሥራው ከራሱ በላይ ሳይሆን ከዓይኑ ፊት ይሆናል። በአረብ አገር ቤት መስኮትና ግድግዳ የሚያጸዱ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ አረጋውያን የሚያነሱ ወገኖቻችን ደግሞ ከቻሉ ከራስ በላይ የሆነውን ሥራ በቀኑ ውስጥ ቢከፋፍሉት፣ በአንድ ትንፋሽ ባይጨርሱት ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ምስል፣ መርፌና ቀዶ ሕክምና መቼ?

በአግባቡ የተሠራ የአሥራ ሁለት ሳምንት ልምምድ ለውጥ ካላመጣ፣ ወይም ድካሙ እየባሰ ከሄደ የአጥንት ሐኪም ጋ ይሂዱ። አልትራሳውንድ በጥሩ እጅ ከሆነ የጅማትን መቀደድ ያሳያል፤ ከኤምአርአይም በዋጋ ይቀላል።

ውጤቱን ሲያነቡ ግን አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አሜሪካዊ ጥናት ትከሻቸውን አሟቸው የማያውቁ 96 ሰዎችን በኤምአርአይ ፈትሾ በ34 ከመቶው ላይ መቀደድ አገኘ፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት 54 ከመቶ ነበር። «ጅማትህ ተቀዷል» የሚል ወረቀት ብቻውን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ያለ አደጋ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ ተቀድዶ የነበረ 452 ሰዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ በልምምድ ታክመው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት ከአራት አንድ እንደማይሞሉ አሳይቷል።

የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ሕመም ያስታግሳል፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ልምምድ መጀመር ላቃተው ሰው መግቢያ በር ይከፍታል። በላይ በላዩ ሲደጋገም ግን ጅማትን ያዳክማል። በጅማቱ ውስጥ ሳይሆን በላዩ ባለው ክፍተት ነው የሚወጋው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከመርፌው በኋላ ለቀናት ስኳሩ እንደሚጨምር አውቆ አዘውትሮ ይለካ።

ከጅማቱ በላይ የተደፋውን አጥንት የሚሞርደው ቀዶ ሕክምና ለረጅም ዓመታት በብዛት ሲሠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ላይ የወጣው የብሪታንያ ጥናት 313 ሰዎችን በሦስት ከፋፍሎ፣ ለአንዱ ወገን አጥንቱን ሞርዶ፣ ለሁለተኛው መሣሪያውን አስገብቶ ምንም ሳይነካ አወጣ፤ ሦስተኛውን ያለ ሕክምና ተከታተለ። በተሞረደላቸውና ምንም ባልተነካላቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ጅማቱ ሳይቀደድ «አጥንቱን እንሞርደው» ከተባሉ ሁለተኛ ሐኪም ያማክሩ። ጅማት መስፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአደጋ በድንገት ለተቀደደበት፣ በጉልበቱ ለሚያድርና አቅሙን ላጣ ሰው ይጠቅማል። ከተሰፋ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እጁ በማሰሪያ ይቆያል፤ ማጠንከር የሚጀመረው በሦስተኛው ወር ገደማ ነው፤ ሙሉ አገልግሎት ለመስጠት ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይወስዳል። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው ስፌቱ እንዳይዝ ዕድል ስለሚሰጥ ከቀዶው በፊት እነዚህን ያስተካክል።

ደረጃ 9፦ ከተሻለዎት በኋላ

ወደ መስታወቱና ወደ ወረቀትዎ ተመልሰው አምስቱን ፈተናዎች ይድገሙ። የታመመው ከደህናው እኩል ከተነሳ፣ ሌሊቱ ሰላም ከሆነ፣ ልምምዱን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ይቀንሱ፤ ወደ ውጭ ማዞሩንና ጠርሙስ ማንሳቱን ግን አይተዉ። ወደ ከባድ ሥራ ሲመለሱ በግማሽ ቀን ይጀምሩ። ለበዓል ሰሞን እንደሚሆነው ብዙ እንጀራ በአንድ ቀን ከጋገሩ ወይም ቤት ከቀቡ በኋላ ሕመሙ ብቅ ቢል አዲስ ጉዳት ነው ብለው አይስጉ። ወደ ደረጃ 4 ይመለሱና ሦስት አራት ቀን ያብርዱት፣ የደረጃ 5ን ግድግዳ መግፋት ይቀጥሉ፣ ከዚያ ላስቲኩን ባቆሙበት ሳይሆን በአንድ ደረጃ አላልተው ይያዙ።